እትዬ ደብሪቱ የማሾን ጥማት ሲያስረዱ

በየከተማው አንድ አስረጂ አለ። ሐኪሙ ለበሽተኛው ስለ መድኃኒቱ ሲናገር ከጎን ሆኖ "ምን ማለቱ መሰለህ" የሚል፣ መሐንዲሱ ስለ ድልድዩ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመልስ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ የውሳኔውን ትርጉም ከዳኛው በበለጠ እርግጠኝነት የሚያብራራ። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ዕረፍት ደግሞ ከነጭራሹ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ከቤቱ አይወጣም፣ ወይ አስረጂው እሱ ራሱ ነው።

በሸዋ ሮቢት ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ጥቂት አልጋዎች አሏቸው። ከደብረ ሲና ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ጃኬቱን እያወለቀ፣ ከአጣዬ በኩል የመጣው ላቡን እየጠረገ እሳቸው ቤት ጎራ ይላል። የእጅ ውሃ ሳይቀርብለት ማብራሪያ ይቀርብለታል። ሽንኩርት ለምን እንደተወደደ፣ አውቶቡሱ ለምን እንደዘገየ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር በሽታው ምን እንደሆነ። "በአጭሩ ላስረዳህ" ብለው ነው የሚጀምሩት። በአጭሩ ያስረዱት ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። አንድ የከባድ መኪና ረዳት ማብራሪያው ሳያልቅ መኪናው ጥሎት ሄዶ፣ ጀውሃ ላይ በባጃጅ ነው የደረሰበት ይባላል።

ዓይናለም ወደዚህ ቤት የመጣችው ማብራሪያ ፈልጋ አልነበረም። የመጣችው ለኢንተርኔቱ ነው። አንድ የምርምር ማዕከል ቀጥሯት የማሾን ጥማት የምታጠና የባዮኢንፎርማቲክስ ባለሙያ ናት። ቆላው ማሾ አብቃይ ነው፤ ዝናቡ ግን መምጫውም መሄጃውም አይታወቅም። ጥማት የሚችል ዘር ለመምረጥ፣ ውሃ ሲጠፋ ቅጠሉ ውስጥ የትኛው ጂን እንደሚነቃ፣ የትኛው እንደሚተኛ፣ ከነቁትም ምን ፕሮቲን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ማሳ ላይ ይቀጠፋል፤ እዚያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገብቶ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ አዲስ አበባ ይላካል። ላቦራቶሪው በጊዜው ሥራ ላይ የነበሩትን የጂን መልእክቶች አንብቦ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የፊደል ቁርጥራጮች አድርጎ ይመልሳል። የዓይናለም ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ከየትኛው ጂን እንደወጣ በኮምፒውተር ማፈላለግ፣ መቁጠር፣ ከዚያም የጠጣውን ከተጠማው ጋር ማስተያየት። ለዚህ ደግሞ ከማዕከሉ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መስመርና የማይጠፋ መብራት ያሻል። እትዬ ደብሪቱ ራውተርም ጄኔሬተርም ነበራቸው።

"ምንድን ነው ሥራሽ ዓይኔ?" አሏት በገባች ቀን።

ዓይናለም በትሕትና ነገረቻቸው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር። እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና "ገባኝ" አሉ። ሰው "ገባኝ" ሲል ደስ የሚለው አስተማሪ ሁሉ እንደዚያ ቀን ዓይናለም ተደስቶ አያውቅም።

በማግስቱ ሐሚድ መጣ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ክርስቲያን ቤት ሥጋ ስለማይበላ እዚህ ሲቆም ዘወትር የሚያዘው ሽሮ ነው።

"ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ የተደፋችው?" ሲል ጠየቀ።

ዓይናለም አፏን ከፈተች። ዘገየች።

"በአጭሩ ላስረዳህ ሐሚድ።" እትዬ ደብሪቱ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ በቀለም ወደተጻፈው ሜኑ ቀሰሩ። "ስንት ዓይነት ምግብ ነው የተጻፈው?"

"ኧረ ብዙ ነው።"

"ዛሬ ከዚያ ውስጥ ምን ምን አለ?"

"እኔ እስከማውቀው ሽሮ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ደብሪቱ አልተቀየሙም። "ወረኛ! ግን ልክ ነህ። ሜኑው ሁልጊዜ ያው ነው። ዓርብ ስትመጣ ዱለት ተጽፏል፤ አይሠራም። ቅዳሜ ስትመጣ ይሠራል። ሜኑው ተቀየረ? አልተቀየረም። የተቀየረው ወጥ ቤት የገባው ትእዛዝ ነው። ማሾም እንደዚሁ። ሜኑው በየቅጠሉ አለ። ይቺ ልጅ የምትቆጥረው የዕለቱን ትእዛዝ ነው። ውሃ ሲጠፋ ማሾ ጾም ይገባል፤ ጾም ሲገባ ወጥ ቤቱ ሌላ ነገር ይሠራል።"

"ማሻአላህ! ፕሮቲን ፕሮቲን ስትል የሰማኋትስ?"

"እሱ ሳህን ላይ ሆኖ የሚወጣው ነው። ትእዛዝ ገባ ማለት ምግብ ወጣ ማለት አይደለም። የእኔን ወጥ ቤት አታውቀውም እንዴ?"

"በደንብ ነዋ የማውቀው፤ ሽሮዬን ካዘዝኩ ስንት ጊዜዬ!"

ዓይናለም አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ትናንት የነገረቻቸው ነገር በወጥ ልብስ ተመልሶ መጥቷል፤ የሚታረም ነገር ቢኖረውም ለሽሮ በላተኛ ይበቃል።

ችግሩ፣ አስረጂ ሰው በሚበቃው ላይ አይቆምም። ማብራሪያው ከምግብ ቤቱ ወጥቶ መናኸሪያ ሲደርስ ዓይናለም "ማሾን የምታናግረው ልጅ" ሆናለች። ገበያ ሲደርስ ማሾው ራሱ ውሃ ሲጠማው የሚደውልላት ሆነች። አንዲት ሴትዮ ታማ አንገቷን ያዘነበለች ዶሮ በዘምቢል ይዛ መጥታ "ትእዛዟን እይልኝ" አለቻት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ክፉ ጠባይ ከእናቱ ወገን መሆኑን ኮምፒውተሩ በወረቀት እንዲያረጋግጥላቸው ጠየቁ። ዓይናለም የማትችለውን በማስረዳት ጊዜዋ አለቀ፤ እትዬ ደብሪቱ ደግሞ ከጎን ሆነው የማትችልበትን ምክንያት ያስረዱላት ነበር።

"እትዬ ደብሪቱ፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉ። እኔ ከዶሮ ጋር ምን አገናኘኝ?"

"ዶሮ ጂን የላትም?"

"አላት፤ ግን..."

"እኮ!"

ይሁን እንጂ ዓይናለም ተበሳጭታ ወደ ክፍሏ የገባችበት ቀን ሁሉ ሲቆጠር፣ አመስግና የገባችበት ይበልጣል። ማሳውን ያገኘችው በዚያው ማብራሪያ ነው። ጋሼ ሙሉቀን የሚባሉ የቀወት ወረዳ ገበሬ፣ ከመስኖ ማሳቸው ላይ ጥቂት መደቦች ለጥናቱ እንዲሰጡ የማዕከሉ ሰዎች በደብዳቤም በስብሰባም ጠይቀዋቸው ነበር። ከመደቦቹ ግማሾቹ ውሃ ይጠጣሉ፤ ግማሾቹ ከበቀሉ በኋላ ይከለከላሉ። ጋሼ ሙሉቀን "በገዛ እጄ ያበቀልኩትን ውሃ አልነፍግም" ብለው እንቢ አሉ። ሽንኩርት ሊያራግፉ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ በመጡ ቀን ግን፣ ሽንኩርቱ ተራግፎ አህዮቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ ተብራራላቸው። "እሺ፣ እሺ፣ ውሰዱት!" ብለው ነው የወጡት። ገብቷቸው ይሁን መሽቶባቸው እስከ ዛሬ አልተለየም።

ደግሞ የመብራቱ ነገር አለ። አንድ ቀን ትልቁ ስሌት እኩሌታው ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ማቀዝቀዣውንና ራውተሩን ባንድ ላይ መሸከም አቃተው። ቤቱ ከላይ ከተማ ለሠርግ በወረዱ ሚዜዎች ሞልቶ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ በዚያ ሙቀት ለብ ያለ ቢራ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ የቆላ ሰው ያውቃል። እትዬ ደብሪቱ የማቀዝቀዣውን ገመድ ነቀሉ።

"እትዬ፣ ቢራው ሞቀ እኮ!" አለ አንደኛው ሚዜ።

"ዝም በል! ትእዛዝ እየቆጠረች ነው!"

ሚዜዎቹ ምን እንደሚቆጠር ሳያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከዚያ ስሌት በኋላ ውጤቱ መጣ። ባለፈው ዙር ከጋሼ ሙሉቀን ማሳ የተቀጠፉት ቅጠሎች ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆነው ተደረደሩ። የሚመሳሰሉት ይቀራረባሉ፤ የማይመሳሰሉት ይራራቃሉ። የጠጡት በግራ፣ የተጠሙት በቀኝ፣ መሃሉ ባዶ። እንዲህ ጥርት ያለ ልዩነት ዓይናለም በትምህርት ቤት ምሳሌ ላይ እንኳ አላየችም። አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች ያስቸገረች፤ ከሚጠጣው መደብ መጥታ የተጠሙት መሃል ተቀምጣለች። ስያሜዋ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ልታወጣት አሰበች። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ቀና አለችና፣ ከደስታዋ ብዛት፣ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራች።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ሳይሳካ አይቀርም!"

"ሳይሳካ አይቀርም" የሚለው ቃል እትዬ ደብሪቱ ጆሮ ሲገባና ከአፋቸው ሲወጣ አንድ ዓይነት አልነበረም። የዚያን ዕለት ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ማሾ መዳኑን ሰማ። ጥናቱ በድል ተጠናቋል። ከእንግዲህ ማሾ ውሃ አያስፈልገውም ያሉም እንዳሉ ተወርቷል፤ እሱን ግን እትዬ ደብሪቱ ይክዳሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይናለም ልዩነት ያሳዩትን ጂኖች በየስማቸው ማየት ጀመረች። ብዙ ሺህ ጂን ሲፈተሽ በዕድል ብቻ የተለየ የሚመስል አይጠፋምና፣ እሱን የሚያጣራውን ስሌት ሠርታለች። የቀሩት እርግጠኞቹ ናቸው። ከላይ ጀምራ ወረደች። የመጀመሪያው፣ ተክል ንጋትን የሚያውቅበት ጂን ነው። ሁለተኛውም የዚያው ወገን። ቀጥሎ ሙቀት ሲበረታ ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳይበላሹ ዘብ የሚቆም ፕሮቲን ይመጣል፤ ከሥሩም ወንድሞቹ ተሰልፈዋል። የንጋት፣ የቀትር፣ የሙቀት። ጥማትን ፈልጋ ወደ ታች ብትወርድ ብትወርድ አጣችው።

ያቺን የተሳሳተች ነጥብ መልሳ አየቻት። ስልኳን አነሳችና አብሯት ቅጠል ለሚቀጥፈው የማዕከሉ ቴክኒሻን ለኢዮብ ደወለች።

"ኢዮብ፣ ባለፈው ዙር ከውሃው መደብ የመጨረሻዋ ናሙና ስያሜዋ ከደረቁ ጋር ተቀላቅሎብህ ይሆን?"

"በፍጹም! እሷንማ ረስተናት ነው። እትዬ እቴነሽ 'ወጡ በረደ' እያሉ ሲጣሩ ትተናት ገባን። በኋላ ከደረቆቹ ጋር ቀጠፍኳት።"

"በኋላ መቼ?"

"ከምሳ በኋላ ነዋ! ረሳሽው እንዴ ያን የመሰለ ምሳ?"

አልረሳችውም። እትዬ እቴነሽ የጋሼ ሙሉቀን ባለቤት ናቸው። የዚያን ዕለት የመስኖው ውሃ ረፋዱ ላይ ስለሚለቀቅ፣ ጭቃ ሳይሆን ብለው የሚጠጡትን መደቦች በጠዋቱ ቅዝቃዜ ቀጠፉ። ወደ ደረቆቹ ሊሻገሩ ሲሉ ምሳ ቀረበ። ሥራ አለብን አሉ። እትዬ እቴነሽ መሬት ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። እንግዳ በደጃቸው ሠርቶ ጦሙን ሲሄድ አይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ገቡ፣ በሉ፤ ጨምሩ ተባሉ፣ ጨመሩ። ሲወጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ደረቆቹ መደቦች የተቀጠፉት በዚያ ቃጠሎ ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ ያስተያየው የጠጣና የተጠማ ማሾን አልነበረም። ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ያለ ማሾን ነው። ያስደሰታት ያ ጥርት ያለ ልዩነት የእትዬ እቴነሽ ምሳ ነበር።

"ዓይናለም፣ አለሽ?" አለ ኢዮብ። "በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የጋሼ ሙሉቀን የውሃ ተራ ነው። የዘንድሮውን ደረቅ መደብም ላጠጣ ነው ብለዋል። ጥናቱ አልቋል ተብሎ የለ?"

"ማን ነው ያለው?"

"ከተማው ሁሉ!"

የዘንድሮው መደብ ለፕሮቲኑ ጥናት የተዘራው ሁለተኛ ዙር ነው። የተበላሸውን ሥራ ማዳን የሚቻለው ከእሱ ላይ ጠጪውንም ተጠሚውንም እንደገና፣ በአንድ ሰዓት፣ ባንድ ፀሐይ በመቅጠፍ ብቻ ነው። ውሃ ከነካው ግን የተጠማ ማሾ የለም፤ ሌላ ዙር ለመዝራት ደግሞ ማዕከሉ የሰጣት ጊዜ አይበቃም። ዓይናለም ወንበሯን ገፍታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ጥናቱ አልቋል ብለው ለማን ለማን ነገሩ?"

"ላልነገርኩት ብትጠይቂኝ ይቀላል።"

ነገረቻቸው። የጠዋቱን፣ የምሳውን፣ የቀትሩን፣ የውሃውን ተራ። እትዬ ደብሪቱ ማማሰያውን አስቀመጡ።

"ታዲያ ኮምፒውተሩ ዋሸ?"

"አልዋሸም። የሰጠሁትን ነው የቆጠረው። የቀጠፍኩት እኔ ነኝ።"

"እና አሁን ሄደሽ እቴነሽን ምን ልትያት ነው?"

"እውነቱን።"

"ያበሉን ምሳ ጥናቱን ገደለው ብለሽ?"

ዓይናለም ወደ በሩ የጀመረችውን እርምጃ ገታች።

"ከዚያ በኋላ እቴነሽ ለእንግዳ እንጀራ ስትቆርስ እጇ አይንቀጠቀጥም?" እትዬ ደብሪቱ ሽርጣቸውን ፈትተው ምስማሩ ላይ ሰቀሉ። "ተነሺ። ባጃጅ ጥሪ።"

ደረሱ። ጋሼ ሙሉቀን አካፋቸውን ይዘው ቦዩ አፍ ላይ ቆመዋል። ተራቸውን የሚጠብቁ ጎረቤቶችም ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል። እትዬ ደብሪቱ ለክት የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ነበር፤ በዚያው ጭቃው ውስጥ ገቡ።

"ሙሉቀን! አካፋውን አስቀምጥ!"

"ምን ሆንሽ ደብሬ? ማሾው ከዳነ ውሃ ምን ያደርጋል ልትዪኝ ነው?" ጎረቤት ሳቀ።

"አልዳነም። ጥናቱም አላለቀም። አልቋል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አላለችም። 'ሳይሳካ አይቀርም' ነው ያለችኝ፤ 'ተሳካ' ያደረግኩት እኔ ነኝ።"

ከተቀመጡት አንዱ፣ ኢልያስ የሚባለው ጎረቤት፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "እስቲ ድገሚው?" አለ።

"ተሳስቻለሁ!" አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ማዶ ሽንኩርት የሚኮተኩቱት ሁሉ እስኪሰሙ።

ጋሼ ሙሉቀን ግን አልሳቁም። አካፋቸውን ተደግፈው ወደ ደረቁ መደብ አዩ። "ዓይናለም፣ ልጄ፣ እኔ ቃሌን ጠብቄአለሁ። ነገር ግን እዪው፤ ቅጠሉ ተኮማትሮ ወደ መሬት አጎንብሷል። በየጠዋቱ እያየሁት አልፋለሁ። የዛሬው ተራ ካለፈኝ ደግሞ እስኪዞር ይሞታል።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ነገ ጠዋት ድረስ ብቻ ነው የምለምንዎ። ኢዮብ ናይትሮጅኑን ይዞ ማታ ይገባል። ሁሉንም ባንዴ እንቀጥፋለን፤ ከዚያ ውሃውን ይልቀቁ። ባለፈው ዙር ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ነገ ተራው የኔ አይደለማ!"

"የኔ ነው" አለ ኢልያስ። ልብሱን እያራገፈ ተነሳ። "እንቀያየራለን። ዛሬ እኔ ልጠጣ፣ ነገ አንተ። ወላሂ፣ ደብሪቱ ተሳሳትኩ ስትል ለመስማት ከአንድ ተራም በላይ እሰጥ ነበር።"

ጋሼ ሙሉቀን አሁን ሳቁ። አካፋውን ለኢልያስ አቀበሉት፤ ውሃውም ወደ ማዶው ማሳ ታጠፈ። ዓይናለም ሁለቱንም ጎንበስ ብላ አመሰገነች። እትዬ ደብሪቱ አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቶባቸው ይፈልጉ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በከተማው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ደብሪቱ ቤት ቁርስ አልነበረም። አስተናጋጆቹ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ጥበቃው ሳይቀር ማሳው ላይ ነበሩ። ሐሚድም መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ ሽሮው ከቀረበት አብሮ ሊቀጥፍ መጥቷል። በየጠጪው መደብ ላይ አንድ ሰው፣ በየደረቁ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ኢዮብ ጢሱ የሚትጎለጎለውን ታንክ መሃል አስቀመጠ። ቅጠል ከተቀጠፈ በኋላ ብዙ ከቆየ መቀጠፉ ራሱ ጂኑን ይቀሰቅሰዋልና፣ እጅ መፍጠን አለበት።

"በአጭሩ ላስረዳችሁ" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "ሳይሰማ ነው የምንቀጥፈው። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፤ እንዳይደነግጥ።"

ዓይናለም ልታርም አሰበችና ተወችው። እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ አወረደችም። ማሳው ሙሉ ሰው ባንዴ አጎነበሰ። ሐሚድ ቅጠሉን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታንኩ ሮጠ። ፀሐይዋ ከጋራው ላይ ብዙም ሳትርቅ ሥራው ሁሉ አለቀ፤ ጋሼ ሙሉቀንም ቦዩን ከፈቱ። ውሃው ደረቁ መደብ ውስጥ ገብቶ መሬቱ ሲጠጣው የሚያሰማውን ድምፅ ሁሉም ቆመው አዳመጡ።

ውጤቱን ለማወቅ የቸኮለ አንባቢ ካለ ከወዲሁ እንንገረው። ከወራት በኋላ ነጥቦቹ እንደ መጀመሪያው ርቀው አልተቀመጡም፤ የተገኙትም ጂኖች ጥቂት ናቸው። ግን የጥማት ናቸው። ከእነሱም የገሚሱ ፕሮቲን አብሮ ሲጨምር ታይቷል። ዓይናለም በሪፖርቷ ላይ የመጀመሪያው ዙር "የናሙና መሰብሰቢያ ሰዓት በመለያየቱ" ተትቷል ብላ ጽፋለች፤ ትክክል ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ሐሚድ ወደ መንገዱ ሄዷል፤ ኢልያስ ወደ ማሳው። የቀረው ሰው ሊሄድ ዕቃውን ሲሰበስብ እትዬ እቴነሽ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። አሁን ሥራው አልቋልና የሚከራከር አልነበረም። የፍስክ ቀን ነው፤ ሰፊ ትሪ ቀረበ፤ ሁሉም ዙሪያውን ከበበ።

እትዬ እቴነሽ ወጥ እየጨለፉ ድንገት ቆም አሉ።

"እኔ ግን ያልገባኝ ነገር አለ። ያኔ ያን ያህል ለፍታችሁ፣ ምን ተበላሽቶ ነው እንደገና የተቀጠፈው?"

ኢዮብ ወደ ጣሪያው አየ። ጋሼ ሙሉቀን ወደ ሚስታቸው፣ አስተናጋጆቹ ደግሞ ሁሉም ባንድነት ወደ እትዬ ደብሪቱ አዩ። ዓይናለም የያዘችው ጉርሻ አፏ ሳይደርስ ቆመ። እትዬ ደብሪቱ ሙሉውን ያውቁታል፤ ጠዋቱን፣ ቀትሩን፣ ዘብ የሚቆመውን ፕሮቲን ጭምር። ከንፈራቸው ተከፈተ። ተከደነ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

"እኔ እንጃ እቴነሽ" አሉ በመጨረሻ። "የሳይንስ ነገር ነው፤ አይገባኝም።"

"አንቺም የማይገባሽ ነገር አለ ለካ!" እትዬ እቴነሽ እስኪያነቡ ሳቁ። አስተናጋጆቹም ሳቁ፣ ጋሼ ሙሉቀንም ሳቁ። ይህ ወሬ ከምሳ በፊት ከተማ እንደሚገባ፣ ለሳምንት ያህል በየጠረጴዛው መቀለጃ እንደሚሆን እትዬ ደብሪቱ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንገታቸውን ደፍተው መብላታቸውን ቀጠሉ።

ዓይናለም በፊቷ የነበረውን ጥሩውን ሥጋ በእንጀራ ጠርዝ ቀስ ብላ ወደ እሳቸው በኩል ገፋችው።